የቲም ከጊዜያችንም ሐቅ አለው

(በቁይ ለየቲም ረዳቶችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የጤፍ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ሁላችንም «ጊዜ የለንም» እንላለን። ገበሬው ከአውድማ፣ ነጋዴው ከሱቁ አይላቀቅም።

ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ሊዘይሩ ሄደው ባለቤታቸውን ተጎሳቁለው አገኟቸው። አቡ ደርዳእ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት ያሳልፉ ነበርና። ሰልማንም አብረዋቸው እንዲበሉ፣ ከሌሊቱም እንዲተኙ አደረጉ፤ ጌታቸውም፣ ነፍሳቸውም፣ ቤተሰባቸውም ሐቅ እንዳላቸው አስገነዘቧቸው። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አጸደቁ። ዒባዳ እንኳ የቤተሰብን ሐቅ እንዲውጥ ካልተፈቀደ፣ ንግድማ እንዴት ይፈቀድለታል?

የቲሙም ባለሐቅ ነው። ወርሃዊ ድጎማውን ስንሰጥ የጨረስን ይመስለናል። ብሩ ደብተር ይገዛል፤ ደብተሩን ገልጦ «ዛሬ ምን ተማርክ?» የሚለው ግን አባት ነበር።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሳይወለዱ አባታቸውን፣ በ6 ዓመታቸው እናታቸውን አጡ። አጎታቸው አቡ ጧሊብ ባለብዙ ቤተሰብ ነበር፤ ሆኖም ለንግድ ወደ ሻም ሲጓዝ ይዟቸው ሄደ። ሥራውን አልተወም፤ የቲሙንም አልተወም።

እኛም ለጁሙዓ ስንወጣ፣ ዘመድ ስንዘይር፣ ከልጆቻችን ጋር እንውሰደው፤ እንደ ልጅ እንጂ እንደ አገልጋይ አይሁን። ብቻዋን የምታሳድገው እናቱም ያን ሰዓት ታርፋለች።

አላህ ጊዜያችንን ይባርክልን። አሚን።