አሮጌ የገበታ ዕቃና የሐራጅ ገበያ



አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ የሥራ ፈት ጨዋታ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ አንድ የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ፈታትቶ ቢመለከት ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል። የፈረንሳዩ የፐዦ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1840 የቡና መፍጫ፣ በ1874 ደግሞ የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ለገበያ ሲያቀርብ ገና አውቶሞቢል መሥራት አልጀመረም ነበር። የመፍጫው ጥበብ በውስጡ ነው። ይኸውም፣ በጠመዝማዛ ቦይ ከተቀረጹት የብረት ጥርሶች ሰፋፊዎቹ ፍሬውን ይዘው ይሰነጥቁታል፤ ደቃቆቹ ደግሞ የተሰነጠቀውን ተቀብለው ያደቅቁታል። የብረቱ ገጽ በሙቀት እንዲጠነክር ስለሚደረግ ጥርሱ ቶሎ አይዶለዱምም።

ይህን መፍጫና ዴንማርካዊው ነዳፊ የንስ ክዊስትጎርድ ለዳንስክ ኩባንያ ከቲክ እንጨት ያወጣቸውን መፍጫዎች የሚሰበስቡ ሰዎች ዛሬ በብዛት የሚገበያዩት በኢንተርኔት ሐራጅ ነው። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 ከተቋቋመ ወዲህ ገዢው ዕቃውን በእጁ ሳይዳስስ በፎቶግራፍ ብቻ ዋጋ መስጠትን ለምዷል። ፎቶግራፉ እንጨቱን አሳምሮ ያሳያል፤ የጥርሱን መዶልዶም ወይም የጥንቱ ብረት ወጥቶ ሌላ መተካቱን ግን አያሳይም። ስለዚህም ልምድ ያለው ሰብሳቢ አስቀድሞ ከሥሩ የተነሣ ፎቶግራፍ ይጠይቃል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ዕቃው ከቀድሞ ባለቤቱ እጅ እንዴት ወጣ የሚለው ነው። መፍጫ ለሚገዛ ሰው ይህ እምብዛም አያሳስበውም። በደብረ ታቦር አገር ግን ጥያቄው ከ150 ዓመት በላይ ቆይቷል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ ማቋቋማቸውን፣ በዚያም 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል መቅለጡን የማያውቅ መሐንዲስ አይኖርም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ መድፉን ለማሳለፍ በገደሉና በሸለቆው ላይ መንገድ እየተጠረገ ጉዞው ወራት ፈጀ። (ስለዚህ መንገድ አሠራር ብቻ ራሱን የቻለ ንግግር ቢደረግ አይበዛበትም።) መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። በአምባው ላይ የተከማቸው ሌላው ሀብት ግን የመድፉ ዕድል አልገጠመውም።

ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የዘረፈውን በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ አራገፈው። ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ ሐራጅ ተደረገ። ከገዢዎቹ አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ከሽያጩ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ለጦሩ ሲከፋፈል ለአንድ ተራ ወታደር የደረሰው ከ4 ጠገራ ብር እምብዛም አልበለጠም።

ያ ሐራጅ በደላንታ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ግዛት በብሪድፖርት ከተማ ሊሸጡ ከተዘረዘሩት ዕቃዎች መካከል ከትልቅ እስከ ትንሽ የተሰደሩ የቀንድ ዋንጫዎችና በቆዳ የተደጎሰ ቅዱስ መጽሐፍ ታዩ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ አቤቱታ አቅርቦ ከሐራጁ እንዲወጡ ተደረገ፤ ቆይቶም ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ገዝቶ ለኤምባሲው አስረከበ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከመቅደላ የሄደ አንድ ጋሻ በኒውካስል ለሐራጅ ቀርቦ፣ በተመሳሳይ ክርክር ከሽያጭ ተነሥቶ በመጨረሻ ወደ አገሩ ገብቷል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በእንዲህ ያለው የሽያጭ ዝርዝር የዕቃው ታሪክ የሚጀምረው ከወሰደው የጦር መኮንን መሆኑ ነው። ዋንጫውን የቀረጸው እጅና ጠጅ የተቀዳበት ቤት አይነሣም። ዋጋ የሚጨምረው የወሳጁ ስም ነው፤ ይኸው ስም ግን ለመላሹ ወገን ዋና ማስረጃ ሆኖ አገልግሏል።

ያለ ማስረጃ የሚቀረው ተራው የቤት ዕቃ ነው። በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት መንደሮች የሞተር ወፍጮ ከገባ ወዲህ የድንጋዩ ወፍጮ ከነመጁ ከማድቤት ወጥቶ በየግቢው ጥግ ተጥሏል። ሙቀጫና ዘነዘና እንኳ ገና ሥራ አልፈቱም። ዛሬ በእነዚህ ላይ የሚጫረት የለም፤ የቲኩንም መፍጫ በወጣበት ጊዜ ማንም ለስብስብ አልገዛውም ነበር። ለመንገድ ወይም ለውኃ ሥራ ወደዚያ የሚወጣ መሐንዲስ ሜትርና ካሜራ ከእጁ አይለዩም። የወፍጮውን ርዝመትና ወርድ፣ መካከሉ የጎደጎደበትን ጥልቀት፣ ድንጋዩ የወጣበትን ስፍራ ከባለቤቲቱ ጠይቆ ቢመዘግብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ይልቁንም በስንት ጊዜ ትወቅረው እንደነበረና በምን መሣሪያ እንደነበረ መጠየቅ ያሻል፤ የፐዦ ጥርስ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣውን ስለት፣ ድንጋዩ የሚያገኘው በየጊዜው ከእርሷ እጅ ነበርና። ይህን በደንብ የሚያስታውሱት አሁን በዕድሜ የገፉት እናቶች ናቸው።