ጥያቄው ሲረቀቅ ባለሙያዋ የት ነበረች?



ዛሬ የማነሣው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ሱስን ስለ መከላከል ጥናት ስንሠራ፣ ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ የምናስታውሳት መቼ ነው? ብዙውን ጊዜ መጠይቁ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው። «ይህን አስሞልተሽ ላኪልን» እንላታለን፤ በቃ።

ምን እንደሚያጎድለን በምሳሌ ላሳይ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ኦዲት የሚባለው የአልኮል መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት። አንዱ ሰውየው በሚጠጣበት ቀን ስንት መጠጥ እንደሚወስድ ይጠይቃል። በድርጅቱ ስሌት አንድ መጠጥ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። እሺ፣ አንድ ጣሳ ጠላ ስንት ግራም ነው? የጠላው ኃይል ከቤት ቤት ይለያያል፤ የጣሳው መጠንም እንደዚያው። አረቄው ደግሞ በመለኪያ ነው። በዚያ ሰፈር ምን፣ በምን እንደሚጠጣ የምታውቀው እዚያው የምትሠራዋ ባለሙያ ናት።

ሁለተኛው ምሳሌ ጨብሲ ነው። ፈገግ ያላችሁ ታውቁታላችሁ ማለት ነው! ሲቅም የዋለ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ማታ ይጠጣል። ጫትን በአንድ ገጽ፣ አልኮልን በሌላ ገጽ የሚጠይቅ ቅጽ የሁለቱን ትስስር አያሳይም። ታካሚው ግን ለነርሷ ይነግራታል እኮ። «መጠጥ ቀንስ» ብቻ ብንለው፣ እንቅልፍ የሚነሣው ጫት እስካለ ድረስ ምክራችን አይይዝም።

ሕጉንም እንይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ክልከላው መሬት ላይ ይሠራል ወይ የሚለውን ለማጥናት፣ ሰክረው የሚመጡ ልጆችን ሌሊት የሚቀበሉ የድንገተኛ ክፍል ባልደረቦችን ሳንሰማ እንዴት እንጀምራለን?

«ባለሙያዎቹ ጊዜ የላቸውም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ወረፋውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ለጥናቱ የሚሰጡት ሰዓት በትርፍ ጊዜ ሳይሆን እንደ ሥራ ተቆጥሮ በጀት ይያዝለት።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላላችሁ መምህራን ሦስት ልመና አለኝ። ጥያቄው ሲረቀቅ ከጤና ጣቢያ ቢያንስ ሁለት ባለሙያ ይቀመጥ። በሐሳብና በትንተና የተሳተፈ ባለሙያ ስሙ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይስፈር። ውጤቱም በመጽሔት ብቻ አይቅር፤ መረጃው ወደ ተሰበሰበበት ጤና ጣቢያ፣ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ይመለስ።

እኛ ከካምፓስ ውጭ ያለነው ደግሞ እስክንጠራ አንጠብቅ። በየክፍላችን በየቀኑ የምናየውን ጥያቄ ጽፈን እናምጣ።