ስለ መምህር የዕለት ሥራ ደብተር
(በመምህራን ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ነገር ታናሽ ነው፤ ይኸውም መምህር የዕለት ሥራውን ስለሚጽፍበት ደብተር ነው። ነገር ግን ደብተሩ የተወሳሰበበት መምህር ከተማሪው የሚወስደው ጊዜ ታናሽ አይደለምና በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

በካርቱም ከተማ፥ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ በማይርቀው በሪያድ ሰፈር፥ የኢትዮጵያውያንን ልጆች አማርኛና ሒሳብ ባስተማርሁበት ዘመን ቀኑ ሦስት ስም ነበረው። እኛ በቤታችን መስከረምን፥ መሥሪያ ቤቱ ሴፕቴምበርን፥ ጎረቤታችን ሙሐረምን ይቈጥር ነበር። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ እኛ ከጧቱ 3 ሰዓት የምንለውን ሱዳናዊው 9 ይለዋል። በዚህም ላይ ሱዳን በጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለ መለሰች፥ አስቀድሞ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል የነበረው የካርቱም ሰዓት በአንድ ሰዓት ዘገየ።

እኔም «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ብሂል ይዤ፥ ሰፊ መዝገብ ገዝቼ ዘጠኝ ዐምድ አሰመርሁበት። ማታ ማታ የልጆቹን ደብተር የማርምበት ጊዜ ዐምድ በመሙላት አለቀ። አንድ ቀንም የፈተናውን ሰዓት በአንዱ ዐምድ 3፥ በሌላው 9 ብዬ ጽፌ ሳለ፥ ለወላጆች በላክሁት ወረቀት ላይ 9 የሚለውን ገለበጥሁ። ከልጆቹ እኩሌታው በጧት፥ እኩሌታው ከቀትር በኋላ መጡ። መዝገቡ ሙሉ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ በኪስ የምትገባ ደብተር ያዝሁ፤ አራት ደንብም አወጣሁላት።

አንደኛ፥ ዋናው አቈጣጠር አንድ ብቻ ይሁን። ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ፥ በግራ ገጽ 15፥ በቀኝ ገጽ 15 መስመር ቢሰመር ወሩ በአንድ እይታ ይታያል።

ሁለተኛ፥ የሌላው አቈጣጠር ቀን ጉዳዩ ሲያስፈልግ ብቻ ይጻፍ። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ፥ በዓሉም ጨረቃ ስትታይ ስለሚጸና፥ እርሱ በእርሳስ ይጻፍ።

ሦስተኛ፥ የአንድ ቀን ጉዳይ ከሦስት አይብለጥ፤ ያልተፈጸመውም ወይ ይተላለፍ፥ ወይ ይሰረዝ። አምስቱ ወይም ስድስቱ የጳጉሜን ቀኖች ለዚህ ማጣሪያ ይመቻሉ።

አራተኛ፥ በመጨረሻው ገጽ የተማሪዎቹ ስም፥ የወላጆቻቸው ስልክና የደረሱበት ትምህርት ይጻፍ።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ዕለቱ ለእኛ ቀዳም ሥዑር፥ ለጎረቤቶቻችን ረመዳን 24 ነበር። ሰፊው መዝገብ በቤት ቀረ፤ ታናሿ ደብተር በኪሴ ሆና በመተማ ተሻገረች። በየስፍራው የተበተኑትን ወላጆች በመጨረሻው ገጽ እየፈለግሁ ደወልሁ፤ ላገኘኋቸውም፥ አዲሱ መምህር ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ፥ ልጁ የደረሰበትን ትምህርት ጽፌ ላክሁ። ያላገኘኋቸውም አሉ፤ ስማቸው ገና አልተሰረዘም።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ደብተር ስታሰናዱ ስንት ነገር ይይዛል ብላችሁ አትጠይቁ። በችኮላ ቀን ተከፍቶ ይነበባልን? ብላችሁ ጠይቁ።