የፋይል ስምና ስፍራ፦ ለተመራቂ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር



ስለ ፋይልና ፎልደር አያያዝ ንግግር እንደማደርግ የሰማ አንድ ባልደረባዬ «ይህን እኮ ተማሪዎቹ በአንደኛ ዓመት የኮምፒውተር መግቢያ ይጨርሱታል» አለኝ። ጨርሰውት ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስገቢያ ጊዜ ሲደርስ «ፋይሉ ጠፋብኝ» የሚል ተማሪ በቢሮዬ በር ላይ ያልቆመበት ዓመት ትዝ አይለኝም። ዛሬ ግን የምጀምረው ከተማሪዎቼ ጥፋት ሳይሆን ከራሴ ነው።

ለሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ ገጠሮች እየተዘዋወርኩ ስለ ሽምግልና ሥርዓት አረጋውያንን አነጋግሬ ነበር። ቀን ድምፃቸውን በካሴት እቀዳለሁ፤ ከመስክ ስመለስ ቁጭ ብዬ በኮምፒውተር እጽፈዋለሁ። በዚህ ሁኔታ 34 ቃለ መጠይቆች ሰበሰብኩ። ካሴቶቹን «ጽሑፉ አለኝ፤ ምን ይጠፋል» ብዬ ሌላ ቀዳሁባቸው። ፋይሎቹን «ቃለ1»፣ «ቃለ2» እያልኩ ሰየምኳቸው። የትኛው ቁጥር የማን ቃል እንደ ሆነ የተጻፈው በኪሴ በምይዘው ደብተር ላይ ብቻ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ወደ ቢሮዬ መጣች። አያቷ ካነጋገርኳቸው ሽማግሌዎች አንዱ እንደ ነበሩ፣ ማረፋቸውን፣ ቤተሰቡም የተናገሩትን ቢያገኝ እንደሚጽናና ነገረችኝ። በደስታ እሺ አልኳት። ሲዲውን ከመሳቢያ አውጥቼ የመጀመሪያውን ፋይል ስከፍት ግን ገጹ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተሞልቶ አገኘሁት።

የሆነው እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደላት የቁጥር ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ፎንቱ በኮምፒውተሩ ላይ እስካለ ድረስ አማርኛ ይታያል፤ ፎንቱ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው ላቲን ብቻውን ይቀራል። ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህም ወደ ተራው ተጠቃሚ እስኪደርስ ዓመታት ፈጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መምጣቱን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።

ይህን ችግር በባለሙያ ርዳታ ፈታነው፤ ፊደሉ ተመለሰ። የሁለተኛው መፍትሔ ግን በማንም እጅ አልነበረም። ደብተሩ ቤት ስቀይር ጠፍቷል። የተጻፈውን እያነበብኩ የብዙዎቹን ባለቤት ለየሁ፤ 5ቱን ግን ማን እንደ ተናገራቸው ማወቅ አልቻልኩም፤ የወጣቷም አያት ከለየኋቸው መካከል አልነበሩም። 5ቱንም ተቀምጣ አነበበቻቸው። አንዱን ለይታ «ይህ ይመስለኛል፤ ስለ በቅሏቸው ሲያወሩ እንዲህ ነበር የሚሉት» አለችኝ። ይመስለኛል። ጽሑፉን አትሜ ሰጠኋት፤ በራስጌው የአያቷን ስም ለመጻፍ ግን እጄ አልታዘዘልኝም።

ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፣ ቫይረስም አልገባበትም፣ ከ34ቱ አንድም ፋይል አልጎደለም። የጎደለው ስም ነበር። ስለዚህ በስም ልጀምር።

የፋይል ስም፣ ፋይሉ ሳይከፈት፣ ምን እንደ ሆነ፣ ማንን ወይም የትን እንደሚመለከትና መቼ እንደ ተሠራ መናገር አለበት። ከተማሪዎቼ «ምዕራፍ ሁለት የመጨረሻ»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ ከዚያም «የመጨረሻ በእውነት» የሚሉ ፋይሎች ደርሰውኛል። አማካሪ ነገ ሌላ አስተያየት መስጠቱ ስለማይቀር «የመጨረሻ» የሚለው ቃል በፋይል ስም ውስጥ ምንም አይነግረንም። ቀን ግን ይነግረናል።

ቀኑም ቢሆን በእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። «05-03-2016» የሚል ፋይል አገኛችሁ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓውያን አጻጻፍ ማርች 5፣ በአሜሪካውያን ደግሞ ሜይ 3 ቀን 2016 ይሆናል። የእኛ ኅዳር 5 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ላይ ስለሚውል፣ በአንድ ስም ውስጥ ከሰባት ዓመት በላይ የሚራራቁ ቀኖች ተደብቀዋል ማለት ነው። ለአንድ ጥናት አንድ አቆጣጠር ምረጡ፤ ዓመቱን አስቀድማችሁ፣ ወርና ቀኑን በሁለት በሁለት አኃዝ ጻፉ፦ «2016-03-05»። እንዲህ ከተጻፈ ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ይሰለፋሉ፤ ጳጉሜንም 13 ተብላ ቦታዋን ታገኛለች። እንደ ደብዳቤው ልማድ በእዝባር «5/3/2016» ብሎ ለመጻፍ የሞከረ ሰው ዊንዶውስ እንደማይቀበለው አይቶታል።

ፋይልን በአማርኛ መሰየም ይቻላል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመት» እና «አመት» ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም፣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በየራሱ ቁጥር ነው። በ«ሠ» የሰየማችሁትን በ«ሰ» ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ። አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ ጽኑ። (ትክክለኛው የቱ ነው የሚለውን ክርክር ዛሬ አላነሣም፤ ከቋንቋ ትምህርት ክፍል የመጡ ባልደረቦቼ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።)

ወደ ስፍራ ልለፍ። በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት የሚባል ክፍል አለ። ደብዳቤው ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ በገቢ ወይም በወጪ መዝገብ ይሰፍራል፣ ከዚያም ጉዳዩ ባለበት ፋይል ይገባል። ሠራተኛዋ የዓመት ፈቃድ ስትወጣ ሥራው ሁሉ እንደሚቆም እናውቃለን፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ አንድ ወረቀት አንድ ቤት አለው። በላፕቶፖቻችን ላይ ግን አንዱ ምዕራፍ ሦስት ቤት አለው፦ ዴስክቶፕ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ ከቴሌግራም የወረዱ ፋይሎች በሚጠራቀሙበት ፎልደር ውስጥ። «አስተያየቴን ንቀህ ሳታስተካክል መጣህ» ብዬ የተቆጣሁት አንድ ተማሪ ነበር። ለካስ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስተካክል ከርሟል፤ ያስተካከለው በቴሌግራም የላክሁለትን ቅጂ እዚያው እንደ ወረደ ከፍቶ ሲሆን፣ አትሞ ያመጣልኝ ዴስክቶፕ ላይ የነበረውን አሮጌውን ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ለጥናታችሁ አንድ ዋና ፎልደር ክፈቱ። በውስጡ ጥሬ መረጃው፣ ትንተናው፣ ጽሑፉና ደብዳቤዎቹ የየራሳቸው ፎልደር ይኑራቸው። አጥብቄ የምናገረው ስለ ጥሬ መረጃው ነው፤ ከመስክ እንደ መጣ ይቀመጥ፣ አይነካ። ማረም፣ መቁረጥ፣ ማስላት በቅጂው ላይ ይሁን። በፈተና ቀን «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲባል ተመልሳችሁ የምታሳዩት እርሱን ነው። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ማብዛትም አይጠቅምም፤ በዊንዶውስ የቆየ ሕግ ከድራይቩ እስከ ፋይሉ ያለው ሙሉ አድራሻ ከ260 ፊደላት ከበለጠ ፋይሉን መገልበጥ ወይም መክፈት ሊያስቸግር ይችላል።

ዴስክቶፕን ብዙዎች ከፋይል ማስቀመጫ ውጭ የሆነ ሰሌዳ አድርገው ያዩታል። እርሱም ፎልደር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘውም ዊንዶውስ ባለበት በሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ሲዘገይ ጥገና ቤት ይወሰዳል፤ ባለሙያው «ፎርማት ላድርገው?» ይላል፤ ተማሪው «እሺ» ይላል። በዚያች «እሺ» የሄደውን የመመረቂያ ጽሑፍ ቤት ይቁጠረው። ይህን የተማሩ ሰዎች ሥራቸውን በዲ ድራይቭ ያኖራሉ፤ መልካም ነው። ሆኖም ዲ ብዙ ጊዜ የዚያው ዲስክ ሌላ ክፋይ ስለሆነ፣ ዲስኩ ሲሞት ወይም ላፕቶፑ ሲሰረቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። መጠባበቂያ ቅጂ የምንለው በሌላ ዕቃ ላይ፣ ቢቻልም በሌላ ስፍራ ያለውን ነው።

ፍላሽ ለማሸጋገሪያ ይሁን። ከፍላሽ ላይ የሚሰረዝ ፋይል እንደ ልማዱ ወደ ሪሳይክል ቢን አይገባም። በየኅትመት ቤቱ የሚዛመተው፣ ፋይሎችን ወደ ሾርትከት የሚለውጥ የሚመስለው ቫይረስ ግን ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም፤ ስለዚህ ደንግጣችሁ ፍላሹን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። አንድ ቅጂ በላፕቶፕ፣ አንድ ቤት በሚቀመጥ ውጫዊ ዲስክ፣ አንድ ደግሞ በጎግል ድራይቭ ወይም በመሰል አገልግሎት ቢኖር ለአብዛኞቻችሁ ይበቃል። ስማቸውን ላለመግለጥ ቃል የገባችሁላቸው መረጃ ሰጪዎች ካሉ ግን በይለፍ ቃል ሳትቆልፉ ወደ ኢንተርኔት አትስቀሉ።

አሁን ወደ ደብተሬ ልመለስ። በዋናው ፎልደር ውስጥ «አንብበኝ» የሚል አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አኑሩ። እያንዳንዱ ፎልደር ምን እንደ ያዘ፣ ቀኖቹ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፉ፣ ፋይሎቹ በምን ፕሮግራም እንደሚከፈቱ፣ የመረጃ ሰጪዎቹ የቁጥርና የስም ዝርዝር የት እንደ ተቆለፈ ጻፉበት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እኔም ጽፌው ነበር፤ ያኖርኩት ግን ከፋይሎቹ ጋር ሳይሆን በኪሴ ነበር።

ላፕቶፕ የያዛችሁ አሁን ክፈቱ። የጥናታችሁን ፎልደር አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው ስጡት፤ እናንተ ሳትናገሩ፣ ለአማካሪያችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የላካችሁትን ምዕራፍ ፈልጎ ያውጣ። ዐሥር ደቂቃ አላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።