ቡና ያልተጠራች እናት

(በአንድ የውይይት ምሽት ላይ ካቀረብኩት ንግግር)



«ወንድ ተጣልቶ ይታረቃል፤ ሴት ግን ታኮርፋለች፣ ታገላለች» ሲባል ያልሰማ አለ? እውነት ነው ወይ? እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ከማውቀው ልነሳ።

በእኛ አገር የወንድ ፉክክር አደባባይ የወጣ ነው። ርስት በእናትም በአባትም ስለሚቆጠር የአንድ አያት ልጆች ዕድሜያቸውን በሙግት ይጨርሱ ነበር። መንዝ ገብቶ ያጠናው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ይህንኑ ጽፏል። በሚስቱና በርስቱ የመጡበት ወንድ ይፎክራል፣ ዱላ ያነሳል፣ ችሎት ይቆማል። ከዚያ ሽማግሌ ይገባል፣ ይታረቃል።

ሴቷስ? ሱፉን ትፈትላለች፣ ወንዱ ባናና ዝተት ይሠራበታል። እሷ አትፎክርም። የተቀየመቻትን ጎረቤት ቡና አትጠራትም፤ በቃ! ታዲያ «ቡና አልተጠራሁም» ብሎ ማን ይከሳል? ለዚህስ ማን ሽማግሌ ይልካል?

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበረ «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ወጣለት። ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ሲፈቀድለት፣ ይህ ስም የተለጠፈበት ገበሬ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። የጎጃም ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ የመጡት በዚያው ዓመት ነው። አባቴም ጮኸ፣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። ተሸነፈ፤ ግን ጩኸቱ ተሰማ።

እናቴስ? እሷ የማንም ጸሐፊ ሆና አታውቅም። በማግስቱ ከአጥር ማዶ ሙቀጫው ተሰማ። «ኑ ቡና ጠጡ!» የሚለው ጥሪ የእኛን ደጅ ዘሎ አለፈ። በሳምንቱ የራሷን ቡና ቆልታ ጠራች። አንድም ሰው አልመጣም። አቦሉ ቀዘቀዘ። ያን ቀን የሲኒዎቹን አደራደር እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ካደግሁ በኋላ አንዲትን ጎረቤታችንን «ለምን እንዲህ አደረጋችኋት?» አልኳት። «ልጄ፣» አለችኝ፣ «ባሎቻችን ናቸው የከለከሉን። እናንተ ቤት ከታየን ያገኘነውን የሚነጥቁን መስሏቸው ፈርተው።»

መጀመሪያ ቡና የጠራቻት ማን መሰለቻችሁ? በዚያው ሽግሽግ በራሷ ስም መሬት የደረሳት አንዲት ባልቴት! «እኔን ማን ይቆጣኛል? ባል የለኝ፤ መሬቱ በስሜ ነው!» አለች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ጆይስ ቤነንሰንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ መገለል ሲያስፈራ ሌላዋን ቀድሞ ማግለል በሴቶች ላይ በርትቶ ታይቷል። ጥናቱ ሐሰት ነው አልልም። ግን ፍርሃቱ ከየት መጣ? ችሎት የማትቆም፣ መሬት በስሟ የሌላት ሴት ሀብቷ ጎረቤት ነው። እሳት የምትጫረው፣ ወንፊት የምትዋሰው፣ ስትወልድ የምትያዘው እዚያ ነው። ይህን ላለማጣት ሌላዋን ትገፋለች።

ደግሞስ ወንድ አያገልም ያለው ማነው? «ቢሮክራሲ» የሚለውን ዝርዝር ያወጡት እኮ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች አይደሉም! በወረቀትና በማኅተም የተደረገ «ቡና አለመጥራት» ነው፤ ልዩነቱ የወንዱ መሬት ይወስዳል፣ የሴቷ እንቅልፍ።

በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የመሬት አዋጅ የጋራ ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም እንዲሆን ደንግጓል። ደብተር ሐሜትን አያስቀርም። ባልቴቷ ግን ምን ሊያስቀር እንደሚችል አሳይታናለች።

ስለዚህ «ሴት ታገላለች» ከማለታችን በፊት፣ «ማንን ፈርታ?» ብለን እንጠይቅ።