ወደብ የሌላት አገር የባሕር ትምህርት



አንድ የመንገድ ቀያሽ በፍኖተ ሰላም ከተማ መሣሪያውን ተክሎ ከፍታ በሚለካበት ጊዜ ዙሪያውን ከሚከቡት ልጆች አንዱ «ስንት ሆነ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ የሚያገኘው መልስ «ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል» የሚል ነው። ልጁ ቁጥሩን ይይዛል፤ የመንደሩ ከፍታ ለምን ከማያውቀው ባሕር ተነሥቶ እንደሚለካ ግን ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ባሕር ሲባል በልጅ ሐሳብ የሚመጣው ጣና ነው። ውቅያኖስ የተባለው ግን በካርታ ላይ የተቀባ ሰማያዊ ቀለም፣ ለፈተና ተሸምድዶ ከፈተና በኋላ የሚረሳ ስም ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ወደብ የሌላት አገር ልጅ ስለ ውቅያኖስ መማሩ ምን ይጠቅመዋል? ይህ ጥያቄ በመምህራንም በወላጆችም ዘንድ ሲነሣ የሚሰማ ነው። መልሱ በአጭሩ ሲነገር፣ ባሕር ከጎጃም ቤት ተለይቶ አያውቅም የሚል ይሆናል። ስለሆነም ትምህርቱ መጀመር የሚገባው ልጁ ካላየው ማዕበል ሳይሆን በየቀኑ ከሚያየው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ቋንቋው ራሱ ምስክር ነው። ከጓሮ የቆመው ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራልያ ምድር መምጣቱን በስሙ ይናገራል። በቆሎን በአንዳንድ ሥፍራ «የባሕር ማሽላ» የሚሉ አረጋውያን አሉ። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበያ የሚታወቅባቸው በቆሎና በርበሬ ሁለቱም የትውልድ አገራቸው አሜሪካ ሲሆን፣ ካለፉት 500 ዓመታት ወዲህ በመርከብ ውቅያኖስ አቋርጠው የመጡ አዝርዕት ናቸው። ዛሬም ለዚያው በቆሎ የሚፈለገው ማዳበሪያ በመርከብ ጅቡቲ ወደብ ደርሶ በከባድ መኪና እየተጓጓዘ ቡሬ ይገባል። የመርከቡ ጉዞ ከዘገየ የገበሬው የዘር ወቅት ያልፍበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የዝናቡ ነገር ነው። ከምድር ገጽ ከሚተነው ውሃ ከመቶ 85 ያህሉ የሚነሣው ከውቅያኖሶች ነው። በክረምት የጎጃምን ተራራ የሚያለብሰው ደመና ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደን፣ ከሕንድ ውቅያኖስም ጭምር የተነሣ እርጥበት ነው። ይህንንም ለማስረዳት ውድ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። መምህሩ በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ጨው ይሟሟ፤ የባሕር ውሃ ጨዋማነት በአማካይ ይህን ያህል ነውና። ከዚያም ጥቂቱን በዝርግ ሳሕን አድርጎ ፀሐይ ላይ ያስቀምጠው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ጨው ከሳሕኑ ላይ ይቀራል። ልጁ የጨው ባሕር እንዴት ጨው የሌለበት ዝናብ እንደሚሰጥ በዓይኑ ያያል፤ በዓይን የታየ ትምህርት ደግሞ አይረሳም።

በዚህ ላይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ተጨምሮበታል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ ውሃ ከልኩ በላይ በመሞቁ፣ ኤል ኒኞ በሚባለው ክስተት ምክንያት በኢትዮጵያ ሰሜንና ምሥራቅ ዝናብ ክፉኛ ቀነሰ፤ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብም የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሆነ። የውቅያኖስ ሙቀት ግን ከወራት በፊት የሚለካና የሚነገር ነው። ማስጠንቀቂያው በሬዲዮ ሲነገር ትርጉሙን የሚረዳ ወጣት በቤቱ ካለ፣ አባቱ ምን እንደሚዘራና እህሉን ምን ያህል ቆጥቦ እንደሚይዝ አስቀድሞ ሊመክር ይችላል። የሚረዳ ከሌለ ግን የተነገረው ሁሉ ከነፋስ ጋር ያልፋል።

ከባሕር የመጣው ውሃ ተመልሶ ወደ ባሕር ይሄዳል። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለው በጎጃም ዙሪያ ላለው ጉዞው እውነት ነው፤ ማደሪያው ግን ሜዲትራንያን ባሕር ነው። ብርና ተምጫ ወደ ዓባይ ሲገቡ ከየማሳው የታጠበ አፈር ይዘው ነበር የሚወርዱት። የግብፅ የወንዝ አፍ ለም መሬት አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በወረደ አፈር የተገነባ ነው። የጎርፉ ውሃ የሚወስደው ምግብ የባሕሩን ዓሣ ሳይቀር ይመግብ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃውን መያዝ ሲጀምር በዚያ ጠረፍ የሰርዲን ዓሣ ምርት እጅግ አሽቆለቆለ። ዛሬ ደግሞ ከጎጃም የሚታጠበው አፈር በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይዘቅጣል። እርከን የሚሠራ ተማሪ የአባቱን ማሳም፣ የግድቡንም ዕድሜ እንደሚጠብቅ ሊያውቅ ይገባዋል።

ጥንት ባሕሩ ራሱ በዚህ ምድር ላይ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ የሚያቋርጥ መንገደኛ በገደሉ ላይ ተነባብሮ የሚያየው የኖራ ድንጋይ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው፤ የባሕር እንስሳት ዛጎልም ድንጋይ ሆኖ ይገኝበታል። መሐንዲሱ ለኮንክሪት የሚጠቀምበት ሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃ እንዲህ ያለው ድንጋይ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ወጣት ሁሉ በአውቶቡስ መስኮት ይህን ገደል ያያል፤ የሚያየውን የነገረው ግን ጥቂት ነው።

በመጨረሻም የሥራ ነገር አለ። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የራስዋን የመርከብ ድርጅት አቋቁማለች። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም መርከቦችዋ ግን ከባሕር አልወጡም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የምሕንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ የመርከብ ሞተር መኰንኖች እንዲሆኑ ያሠለጥናል። ከጣና ዳር የወጡ ወጣቶች ዛሬ በዓለም ውቅያኖሶች ላይ ይሠራሉ። ጠረፍ ያጣች አገር የባሕር ዕውቀትም እንድታጣ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ዕውቀቱ የሚጠፋው «የእኛ አይደለም» ተብሎ ከክፍል ሲወጣ ብቻ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከዚህ ማኅበር አባላት አያሌዎቹ ለመንገድ፣ ለድልድይና ለመስኖ ሥራ በየገጠሩ ይዘዋወራሉ። አንድ መሐንዲስ በሥራው አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤት ጎራ ብሎ ለአንድ ሰዓት ቢቆም፣ ጨውና ሳሕን፣ ካርታና አንድ የኖራ ድንጋይ ይበቁታል። ያ ልጅም በሌላ ቀን ቀያሹን «ስንት ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከፍታው ከየት ተነሥቶ እንደተለካ አስቀድሞ የሚያውቅ ይሆናል።