ከማዕድ የተረፈና ለማዕድ ያልደረሰ፦ በቤት ውስጥ ምግብን በበረዶ ስለማቆየት



የዛሬው ርእስ የወጥ ቤት ጉዳይ በመሆኑ ለእንዲህ ያለ አዳራሽ አይመጥንም የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህም ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በመኖሪያ ቤቶች ነው። ስለዚህ የብክነት ጥናት ከጎተራና ከገበያ አልፎ እስከ ምድጃው ድረስ መውረድ ይኖርበታል።

ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በአብዛኛው ቤት ፍሪዘር ከማዕድ የተረፈውን መሰብሰቢያ ሆኗል። ሁለት ቀን የቆየ ወጥ «እንዳይጣል» ተብሎ ይገባል፤ ከሦስት ወር በኋላ ምንነቱ በማይታወቅ ፌስታል ተጠቅልሎ ይገኝና ይጣላል። ይህ የዘገየ ብክነት እንጂ ቁጠባ አይደለም፤ የመብራቱን ሒሳብ ስንጨምርበት እንዲያውም ከወዲያውኑ ብክነት ይብሳል። ፍሪዘር ገንዘብ የሚያተርፈው ገና ለማዕድ ላልደረሰ፣ በመልካም ይዞታው ላይ ላለ ምግብ ሲውል ነው።

ምክንያቱን ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን ዘዴ መረዳት ይቻላል። ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ የደረቀ በርበሬ፤ ሁሉም በአንድ ሕግ ይሠራሉ፤ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚራቡበትን ውሃ ያሳጣሉ። በረዶም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ቋንጣ ውሃውን አውጥቶ ሲጥል፣ በረዶ ግን ውሃውን እዚያው ምግቡ ውስጥ ያስረዋል፤ ሲቀልጥም መልሶ ይፈታዋል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ባክቴሪያ አይራባም፤ አብዛኛው ግን አይሞትም። መበላሸት ጀምሮ የገባ ሥጋ መበላሸት ጀምሮ ይወጣል፣ ጉዞውንም ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ክላረንስ በርድዛይ የተባለ አሜሪካዊ በዛሬዋ ካናዳ፣ በላብራዶር ሲኖር፣ በዚያ የሚኖሩት የኢኑይት ሕዝቦች በብርቱ ቅዝቃዜ ውስጥ ያጠመዱት ዓሣ ወዲያው በረዶ ሆኖ፣ በኋላ ሲበሰል ጣዕሙን እንዳልለቀቀ አስተዋለ። ምስጢሩ የበረዶው ቅንጣት መጠን ነው። በፍጥነት የረጋ ውሃ ጥቃቅን ቅንጣት ይሠራል፤ በዝግታ የረጋው ደግሞ ትልልቅና ሹል ቅንጣት እየሠራ የሕዋሱን ግድግዳ ይበሳል፣ ሲቀልጥም ፈሳሹ ይወርዳል። የቤት ፍሪዘር አቅሙ ውስን ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ከዜሮ ዲግሪ ውሃነት ወደ ዜሮ ዲግሪ በረዶነት ለመለወጥ የሚወጣለት ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ ከሚያስፈልገው ጋር ይተካከላል። ምግብም በአብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ለፍሪዘሩ ልናግዘው የምንችለው ምግቡን በማሳነስና በማሳሳት ነው።

ይህን ይዘን ወደ ቅርጫ እንሂድ፤ በእኔ አስተያየት በከተማ ቤት ፍሪዘር ከሁሉ የበለጠ የሚፈተነው እዚያ ነው። በበዓል ጠዋት በሬው ይታረዳል፤ መደቡ ይከፋፈላል፤ ለአንድ ቤተሰብ በሳምንት ተበልቶ የማያልቅ ሥጋ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። የተለመደው አሠራር ከነሙቀቱ በትልቅ ፌስታል ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ነው። በዚህ አሠራር ሁለት ጉዳት አለ። አንደኛ፣ የድቡልቡሉ መሐል ለብዙ ሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ በኋላም ለአንድ ጥብስ የሚበቃውን ለማውጣት ሁሉም መቅለጥ አለበት። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው። ጡንቻ ከእርድ በኋላ ወዲያው አያርፍም፤ ለሰዓታት በውስጡ የቀረውን ጉልበት እየተጠቀመ ቆይቶ ይገተራል፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። ሳይገተር በረዶ ከሆነ፣ ያ ያልተጠናቀቀ ሥራ በሚቀልጥበት ጊዜ በኃይል ይፈጸማል፤ ሥጋው ይኮማተራል፣ ውሃውን ያወርዳል፣ ጎማ ይሆናል። ብዙ ጊዜ በሬው ሲወቀስ እሰማለሁ፤ በሬው ግን ጥፋት የለበትም። ሥጋውን በንጹሕ ዕቃ ከፍሎ አንድ ቀን ያህል በፍሪጅ ማሳደር፣ ከዚያም ለአንድ ማዕድ በሚበቃ መጠን ለይቶ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ አድርጎና ቀኑን ጽፎ ማስገባት ይበቃል። እንዲህ የተያዘ የቁርጥራጭ ሥጋ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት አልፎ ለፋሲካ ቢቆይ ጥራቱ ብዙ አይጎድልም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ጥሬ ሥጋ አንድ ነገር ልጨምር። የኮሶ ትል እጭ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለአሥር ቀናት ከቆየ ይሞታል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን ሳልሞኔላን የመሰሉት ባክቴሪያዎች ያንኑ ብርድ ተቋቁመው ሊያልፉ ስለሚችሉ ፍሪዘር የገባ ክትፎ «ንጹሕ» ሆኗል ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የወጣችን ውድ ክፍል ሥጋው ይመስለናል። ሒሳቡን በትክክል ስንሠራው ግን ቁሌቱም ከባድ ድርሻ አለው፤ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ በርበሬው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚነደው ከሰል ወይም መብራትና የሚቆምበት ሰዓት። አንድ ኪሎም ሆነ አራት ኪሎ ሽንኩርት ለማቁላላት የሚጠፋው ጊዜ በአራት እጥፍ አይለያይም። ስለዚህ ሽንኩርት በረከሰበት ወቅት በብዛት አቁላልቶ ቁሌቱን በበረዶ ማቆየት፣ የተረፈ ወጥን ከማቆየት እጅግ የተሻለ ትርፍ አለው። እዚህ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር አንድ ብልሃት ያስተምረናል፤ ቅቤ ሳይገባበት በዘይት ብቻ የተሠራ ቁሌት ለጾሙም ለፍስኩም ያገለግላል። ረቡዕ ምስር ይገባበታል፤ ሐሙስ ቅቤና ሥጋ። ቁሌቱ ከምድጃ ሲወርድ በትልቁ ድስት እንዳለ ማደር የለበትም፤ በዝርግ ሳህን ተከፍሎ ቶሎ ይቀዝቅዝ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥም ወደ ብርድ ይግባ። ዕቃው እስከ አፉ አይሞላ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ጠርሙስ ይሰብራል።

እንጀራን በሚመለከት አጭር ቃል አለኝ። ስታርች የሚደርቀውና የሚፈረፈረው ከሁሉ ይልቅ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት፣ ማለትም በፍሪጅ ውስጥ ነው። ፍሪጅ ሻጋታውን ያዘገያል፤ ድርቀቱን ግን ያፋጥንበታል። በፍሪዘር ግን ያ ሂደት ይገታል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን እንጀራን በተጋገረበት ቀን በፍሪዘር ማስቀመጥን የለመዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

«መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ሁሉ ምን ይረባል?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ ዘወትር ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሩ ካልተከፈተ ሙሉ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ቀደም ሲል ያልኩት የበረዶ ብርቱ ሙቀት ጠጪነት እዚህ ይረዳናል። ባዶውን ቦታ ውሃ በያዙ የፕላስቲክ ጠርሙሶች መሙላት ምንም ወጪ የለውም። ከቤት ለሚርቅ ሰው ደግሞ፣ በብርጭቆ የረጋ በረዶ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ መሄድ ነው፤ ሲመለስ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኘው፣ በመካከሉ ሁሉም ቀልጦ ዳግመኛ ረግቷል ማለት ነው። ገና የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምግብ ጥራቱ ቢቀንስም ተመልሶ ሊረጋ ይችላል፤ ለብ ብሎ የቆየው ግን ይጣል።

ለሁሉም ቤት ፍሪዘር ይገዛ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ከጉሊት የዕለት የዕለቱን ለሚገዛ ብቸኛ ተማሪ የመሣሪያው ዋጋና የመብራቱ ሒሳብ ከሚያድነው ምግብ ሊበልጥ ይችላል። በትናንሽ ባለ አንድ በር ፍሪጆች ውስጥ ያለችው የበረዶ ክፍልም ብዙ ጊዜ 18 ዲግሪ አትደርስም፤ በላይዋ ያሉትን ኮከቦች ቁጠሩ። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6፣ ሁለት 12፣ ሦስት 18 ዲግሪ ማለት ነው። ባለ አንድ ኮከቧ ለቀናት እንጂ ለወራት አትታመንም።

የማይስማማቸውም አሉ። ድንች ሲቀልጥ ስፖንጅ ይሆናል፤ ሰላጣና ጥሬ ቲማቲም ይሟሽሻሉ፤ እርጎ ውሃውን ይለያል። ጎመን ግን ሁለት ደቂቃ ያህል በፈላ ውሃ ተነክሮ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ከበረደ ኢንዛይሙ ስለሚቆም ቀለሙንና ጣዕሙን ይይዛል። ዶሮ ወጥ ይቆያል፤ እንቁላሉ ግን አስቀድሞ ይውጣ፣ ነጩ ክፍል በበረዶ ጎማ ይሆናልና። ሲቀልጥም በጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከዋዜማው ወደ ፍሪጁ ታችኛ ክፍል ወርዶ ይደር።

እዚህ ላይ ላብቃና ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።